«እግሬ አልቋል» ላለ ሰው፦ «መቼ ጀመረህ?»

ፍራንክፈርት የሚኖር ጓደኛ አለኝ። በልጅነቱ ጃንሜዳ ሲሮጥ ያደገ፣ አርባን ሲሻገር ደግሞ ዋናና ብስክሌት ጨምሮ ትራያትሎን የጀመረ ሰው ነው። ልምምዱ በከበደ ሰሞን እሑድ ማታ ስልኬ ከጮኸ እሱ ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ስማ፣ እግሬ አልቋል። ምን ልቀባው?» ይለኛል። እኔም ሁልጊዜ በጥያቄ ነው የምመልስለት፦ «መቼ ጀመረህ?»

ይናደዳል። ቅባት ሲለምን ምርመራ የተጀመረበት ይመስለዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አይረንማን የሚባለውን ረጅም ትራያትሎን ግማሽ ርቀት ሁለት ጊዜ የጨረስኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መንገድ ላይ የቀረሁ አማተር ነኝ። ግን የእግር ድካም መፍትሔው ያለው «መቼ» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው። ብስክሌት ላይ ሳሉ የሚመጣ አለ፤ ከብስክሌት ወርደው መሮጥ ሲጀምሩ የሚመጣ አለ፤ በማግስቱ ማግስት ደረጃ ሲወርዱ የሚመጣ አለ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቅ የሚልም አለ። አራቱም «ድካም» ይባሉ እንጂ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

አማርኛችን ይህን ያውቀዋል። «እግሬ ዛለ» የሚል ሰው፣ «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚል ሰው፣ «ባቴን ጨመደደኝ» የሚልና «ጭኔ ታሰረ» የሚል ሰው አንድ ነገር እያወሩ አይደለም። ልምምድ ሜዳ ላይ ስንደርስ ነው ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከትተን አንድ ቅባት የምንፈልግለት።

መጀመሪያ ስፋቱን እንይ። ሙሉው የአይረንማን ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ብስክሌቱ ላይ ስድስት ሰዓት ይቀመጣል። ፔዳሉን በደቂቃ 85 ጊዜ ቢያዞር እያንዳንዱ እግር 30,600 ጊዜ ይገፋል ማለት ነው። ከዚያ ወርዶ በአራት ሰዓት ማራቶን ሊሮጥ ሲነሳ ሌላ 40 ሺህ ያህል እርምጃ ይጠብቀዋል፤ በእያንዳንዱም እግሩ መሬት ሲነካ የክብደቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይቀበላል። በዋናው ጊዜ እግርን ማሳረፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። ውኃውን በእግር እየደበደቡ የሚገኘው ፍጥነት ትንሽ ነው፤ ለኋላው የሚከፈለው ዋጋ ግን ብዙ ነው።

ወደ «መቼ» ከመግባታችን በፊት አንድ ያረጀ ወሬ እናስወግድ። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው» የማይል ስፖርተኛ የለም። ወሬው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዋልተር ፍሌቸርና ፍሬድሪክ ሆፕኪንስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከእንቁራሪት የተቆረጠ ጡንቻ እስኪዝል ድረስ ሲያሠሩት ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞበት አገኙ። ከዚያ ወዲህ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ተላከከ። ነገር ግን የተቆረጠ እግር ደም አይዞርበትም። በሕያው ሰው ላይ ጡንቻው የሚያወጣውን ላክቴት (ላክቲክ አሲዱ በሰውነት ውስጥ የሚገኝበትን መልክ) ደም ይወስደዋል፤ ልብና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል፤ ጉበትም መልሶ ስኳር ያደርገዋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆርጅ ብሩክስ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረው ይህንኑ ነው። ልምምድ ባቆምን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መጠኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ማክሰኞ ደረጃ ላይ «እህ!» የሚያሰኛችሁን ሕመም የእሑዱ ላክቲክ አሲድ አላመጣውም። «አሲዱን ላውጣልህ» እያለ የሚያሽ ወጌሻ እጁ ሊያስታግስ ይችላል፤ ማብራሪያው ግን ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። «ብስክሌቱ ላይ ሳለሁ፣ አራተኛው ሰዓት ላይ ጀመረኝ» ካለኝ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፦ ሆዱንና ማርሹን።

ሆዱን በሒሳብ እንየው። ሰው ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በማራቶኑ ብቻ ወደ 3 ሺህ ካሎሪ ያወጣል። ብስክሌቱን በሰዓት 600 ብንለው ስድስቱ ሰዓት 3,600 ነው። ዋናው ሲታከል ድምሩ ከ7 ሺህ ያልፋል። በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ የተቀመጠው ካርቦሃይድሬት ግን 400 ወይም 500 ግራም ቢሆን ነው፤ 2 ሺህ ካሎሪ ገደማ። የተረፈውን ስብ ይሸፍነዋል። ስብ በቀጭን ሰው ላይ እንኳ ሞልቷል፤ ነገር ግን እንደ ግንድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነድዳል። ግላይኮጅን ጭራሮው ነው። ጭራሮው ሲያልቅ ግንዱ ብቻውን ያንን ያህል ነበልባል አይሰጥም። ለዚህ ነው ማራቶኑ አጋማሽ ላይ ሰው እየተራመደ የሚታየው፤ እሳቱ አልጠፋም፣ ረገበ እንጂ።

ሌላም ነገር አለ። ጡንቻ ያጠራቀመውን ግላይኮጅን ለጎረቤቱ አያበድርም። ክንዳችሁ ውስጥ የተረፈው ጭናችሁን አያድነውም። ጭኑ ሲጨርስ እርዳታ የሚያገኘው በደም ከሚመጣው ስኳር ነው፤ ያ ስኳር ደግሞ ከጉበት ካልመጣ ከአፍ መምጣት አለበት።

እ.ኤ.አ. የካቲት 1982 ሐዋይ ላይ የሆነውን ስፖርቱን የሚወድ ሁሉ አይቶታል። ጁሊ ሞስ የተባለች የ23 ዓመት ተማሪ ሴቶቹን እየመራች መጨረሻው መስመር አጠገብ ስትደርስ እግሯ ከዳት። ወደቀች፣ ተነሳች፣ እንደገና ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አልፋት ስታሸንፍ ሞስ በጉልበቷና በእጇ እየዳኸች ከ29 ሰከንድ በኋላ መስመሩን ነካች። ቴሌቪዥን ስላሳየው አይረንማንን ዓለም ያወቀው በእሷ መዳህ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ያንን ምስል እንደ ወኔ ምልክት ያየዋል፤ ወኔም ነው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ እግሯ ላይ ነው። ፈቃዱ ሙሉ ነው፤ እግሩ ግን ትእዛዝ አይቀበልም። ጡንቻ በልመና አይሠራም።

የኔው ታሪክ እንዲህ ለቴሌቪዥን የሚሆን አይደለም። መንገድ ላይ የቀረሁ ቀን 90ውን ኪሎ ሜትር ብስክሌት በአንድ ሙዝና በውኃ ብቻ ነዳሁት። ፀሐዩ ደስ ይል ነበር፤ እግሬም ቀሎኝ ነበር፤ መብላቱን ረሳሁት። ሩጫው 14ኛ ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የሚገርመው ሕመም አልነበረኝም። መነሳት ብቻ ነው ያቃተኝ። አንዲት እናት ልጇ የያዘውን ለስላሳ ነጥቃ ሰጠችኝ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ መኪናዬ በእግሬ መሄድ ቻልኩ።

በረጅም ልምምድና በውድድር ላይ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ መነሻ ነው። ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉት ሁለት የስኳር ዓይነቶች አንድ ላይ ሲሆኑ አንጀት በሁለት በር ስለሚያስገባቸው እስከ 90 ግራም መድረስ ይቻላል። 60 ግራም ማለት ሁለት መካከለኛ ሙዝ ከትንሽ ጭማሪ ጋር ነው። በነገራችን ላይ የኛ ብርዝ፣ ያልፈላው ማለቴ ነው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ማር ውስጥ ግሉኮስም ፍሩክቶስም አለ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ሦስት ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ አንድ የብስክሌት ጠርሙስ ውኃ። ጓደኛዬ የሚጠጣው ይህን ነው። ግን ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል፤ በውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረ ነገር ወደ መጸዳጃ ቤት ነው የሚያስሮጠው።

ማርሹ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነው። ከሩጫ የመጣ ሰው ልቡና ሳንባው ጠንካራ ስለሆነ ዳገት ሲያይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን ይረግጣል። ትንፋሹ አይጨነቅም፤ ስለዚህ እየቆጠበ ያለ ይመስለዋል። ጭኑ ግን በየግፊቱ ብዙ ኃይል ስለሚያወጣ ፈጣኖቹን የጡንቻ ክሮች ይጠራል፤ እነሱ ደግሞ ጭራሮ አባካኝ ናቸው። ቀለል ባለ ማርሽ በደቂቃ ከ80 እስከ 95 ዙር እያዞሩ ዳገቱን ማለፍ ለብዙ ሰው ይሻላል። በዳገቱ ላይ ያለፏችሁን አምስት ሰዎች ሩጫው ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ድካሙ ደግሞ እግር ውስጥ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች ስፖርተኞችን ጣፋጭ ፈሳሽ አጉመጥምጠው እንዲተፉ ሲያደርጓቸው አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ብርቱ ሥራ ላይ ፍጥነታቸው ይሻሻላል፤ አንድ ግራም እንኳ ሳይውጡ! አፍ ምግብ መምጣቱን ለአንጎል ይናገራል፤ አንጎልም የያዘውን ፍሬን ትንሽ ላላ ያደርገዋል። ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ልምምድ የወጡ ሰዎች እግራቸው ሳይለፋ የሚዝለውም በከፊል በዚህ ነው፤ ጡንቻው አልደከመም፣ አዛዡ ነው የደከመው።

ባትን ጨምድዶ የሚይዘው ክራምፕ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ጨው ስላነሰኝ ነው ይላል። ላብ የሚበዛበት ሰው ጨው ቢወስድ አይከፋም፤ ነገር ግን የተያዘውን ጡንቻ ጎትቶ መወጠር ወዲያው የሚያላቅቀው ለምን እንደሆነ ጨው አያስረዳም። ብዙ ማስረጃ የሚያዘነብለው የደከመ ጡንቻና ነርቭ መናበብ ሲያቅታቸው ነው ወደሚለው ነው። ከለመዱት ፍጥነት በላይ በሄዱበት ቀን የሚይዘውም ለዚህ ይሆናል። ቆም ብሎ ጣትን ወደ ራስ መሳብ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀጠል ነው።

«ከብስክሌት ስወርድ ጀመረኝ» ካለኝ እስቃለሁ። እንኳን ደህና መጣህ እለዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች እግሩ የሌላ ሰው እግር ይመስላል፤ አጥሮ፣ ከብዶ፣ አስፋልቱን የማያውቅ። ሰዓታት ሙሉ ክብ ሲያዞር የቆየ ጡንቻ ድንገት ክብደት ተቀብሎ እንዲነጥር ይታዘዛል። ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብሎ የቆየ ዳሌም ወዲያው ቀጥ አይልም። ነርቩም ገና የፔዳሉን ዜማ ነው የሚመታው። ይህ ጉዳት አይደለም፤ መድኃኒቱም ልማድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከብስክሌት እንደወረዱ ጫማ ቀይሮ 15 ወይም 20 ደቂቃ መሮጥ። በእንግሊዝኛው ልምምዱን «ጡብ» ይሉታል፤ እግሩን ለዳሰሰ ሰው ስሙ አይገርመውም። ብስክሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ማርሹን አቅልሎ፣ ከኮርቻው ተነስቶ ባትን መሳብ፣ ከዚያ የሩጫውን የመጀመሪያ ኪሎ ሜትር አጭርና ፈጠን ባለ እርምጃ መጀመር በጣም ይረዳል። ጃንሜዳ ያደገ ሰው ግን መጀመሪያው ላይ መፍጠኑን አይተውም፤ ይህን ለጓደኛዬ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

«ትናንት ደህና ነበርኩ፤ ዛሬ ደረጃ መውረድ አቃተኝ» ሲለኝ ደግሞ ቁልቁለት እንደሮጠ አውቃለሁ። ይህን ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም ቴዎዶር ሃው የተባለ አሜሪካዊ ገና በ1902 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ ምክንያቱም ጡንቻው ውስጥ የሚፈጠር መሰነጣጠቅ ይሆናል ብሎ ነበር። ብዙም አልተሳሳተም። ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይገፋል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን እንደ ፍሬን ይሠራል፤ ለመያዝ እየታገለ ሳለ ክብደታችን ይስበዋል። ጆንያ ይዛችሁ ከመኪና ላይ ቀስ ብላችሁ ስታወርዱ ክንዳችሁ የሚሰማውን አስቡት። እየተሳቡ መያዝ ጥቃቅን ክሮችን ይጎዳል፤ ጥገናው ሲጀመር እብጠትና ሕመም ይመጣል፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። እንጦጦን ወጥቶ እየሮጠ የወረደ ሰው በሦስተኛው ቀን ታክሲ ሲሳፈር እግሩን በእጁ አንስቶ የሚያስገባው በዚህ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ደረጃ ወደኋላ ዞሬ የወረድኩበት ሳምንት ነበር፤ ልጆቹ ተደስተው አብረውኝ ወረዱ።

ደግነቱ ጡንቻ አይረሳም። አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ከተጎዳ ያው ሥራ ለሳምንታት ያህል እንደ መጀመሪያው አይጎዳውም። ስለዚህ ውድድሩ ቁልቁለት ካለበት ከወራት በፊት በትንሽ በትንሹ ማላመድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት፣ በተለይ ቁጢጥ ብሎ መነሳትና በጣት መቆም፣ ሯጭንም ብስክሌተኛንም ያጠነክራል።

ቅባቱስ? ሽታውና ሙቀቱ ስሜቱን ያስታግሳል፤ ጥገናውን አያፋጥንም። ከልምምድ በኋላ ሰውነት ማፍታታት ይህን ሕመም የሚቀንሰው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ለዘብ ያለ እሽት ትንሽ ይረዳል፤ ትኩስ ሕመም ላይ ጥርስ የሚያስነክስ እሽት ግን ቁስል ማሸት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሕመሙን ያበርዳል፤ ከክብደት ማንሳት በኋላ ሁልጊዜ ከተደረገ ግን የጡንቻውን እድገት ይቀንሳል። በረጅም ውድድር ላይ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየዋጡ መሮጥን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ውኃ ያነሰው ኩላሊት ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው። የሚያዋጣው እንቅልፍና ምግብ ነው፤ ለዚህ ቅባት ሻጭ ስለሌለው ማንም አያስተዋውቀውም።

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ» ሲለኝ መሳቁን እተዋለሁ። ይህ ከአንድ ልምምድ የመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ቀኑ ቀላል አለመሆኑ ነው። ከልምምዱ አምስት እጅ አራቱ ያህል እያወሩ በሚሮጡበት ፍጥነት ቢሆን፣ ብርቱው ቀን በእውነት ብርቱ ይሆናል። የኛ አገር ታላላቅ ሯጮች በቀላል ቀናቸው እንዴት ቀስ ብለው ዱብ ዱብ እንደሚሉ ያየ አማተር ያፍራል፤ እሱ በየቀኑ ሰዓቱን እያየ ነው የሚሮጠው። ጠዋት አልጋ ላይ ሳሉ የልብ ምት ከወትሮው ከፍ ማለቱ፣ እንቅልፍ መረበሹ፣ በትንሽ በትልቁ መናደዱ ምልክቶች ናቸው።

ካልሆነ ደግሞ ምግቡ ነው። ከሚያወጡት በታች ለሳምንታት መብላት እግርን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም፣ በሴቶች ላይ የወር አበባንም ያውካል። የብረት ማነስ ደግሞ በተለይ ሴት ስፖርተኞችን ያጠቃል፤ በደም ምርመራ ፌሪቲንን፣ ማለትም የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን መለኪያ፣ ማየት ይቻላል፤ ሳይመረመሩ የብረት ኪኒን መዋጥ ግን ልክ አይደለም። ምስርና ባቄላ ብረት አላቸው፤ ሎሚ ሲጨመርባቸው ብረቱ በደንብ ይገባል፤ ምግቡ እንደተነሳ የሚፈላው ቡና ግን ያግደዋል። ቡናውን ተዉ ለማለት አልደፍርም፤ አንድ ሰዓት ገደማ አቆዩት። የሚጾም ሰው ደግሞ ብርቱውን ልምምድ ወደ መፍቻው ሰዓት ቢያስጠጋው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ወዲያው መብላት ይችላል፤ ጠዋት ሮጦ እስከ 9 ባዶ ሆዱን የሚቆይ እግር ሳይጠገን ይውላል።

ስልኩን ዘግተህ ሐኪም ጋ ሂድ የምልበትም ጊዜ አለ። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊቱን እየዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። አንዱ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ በተለይ ከረጅም በረራ በኋላ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል መታሸት የለበትም። በአንድ ጣት የሚጠቆም የአጥንት ሕመም፣ ሲሮጡ የሚብስ፣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ውድድሩ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደወለ። «ስማ፣ እግሬ ከብዶኛል። ምን ልቀባው?»

«መቼ ጀመረህ?»

«ልምምድ የቀነስኩ ዕለት።»

ከውድድር በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የልምምዱን መጠን በግማሽ ገደማ መቀነስ፣ ፍጥነቱን ግን በአጫጭሩ መንካት የታወቀ አሠራር ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው እግሩ ይከብደዋል። ግላይኮጅን ሲጠራቀም ውኃም ይዞ ነው የሚጠራቀመው፤ ሚዛኑም ትንሽ ከፍ ይላል። ሰው ይደነግጥና «እስቲ ልሞክረው» ብሎ 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ ያጠራቀመውን ይበትነዋል።

«ምንም አትቀባ» አልኩት። «አንዱንም አትሞክር። ተኛ።»